የሚሠራን ፕሮግራም ሳያበላሹ ማሻሻል

በዚህ ተቋም የምንሠለጥን እጩ መምህራን ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ሌላ አንድ ነገር ሊጠብቀን ይችላል። ይኸውም ኮምፒዩተር ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው የሠራው፣ ሮስተር የሚደምር፣ ደረጃ የሚያወጣና ካርድ የሚያትም ፕሮግራም ይኖር ይሆናል። ከዕለታት አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ «አንተ ልጅ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ አሉ፤ እስቲ ይህችን ነገር አስተካክልልን» ይላሉ። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን?

አዲስ ፕሮግራም ስለ መጻፍ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አያሌ ናቸው። ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሰዎችም በየጊዜው የሚገለገሉበትን ፕሮግራም ሳያበላሹ ስለ መለወጥ ግን የሚነገረን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ ይህንኑ ለማብራራት እሞክራለሁ። ትምህርቱን ያገኘሁት ከራሴ ጥፋት ስለሆነ የምጀምረውም ከጥፋቴ ነው።

ሀ. «ይህች መስመር ምን ትሠራለች?»

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የሚያሰላው በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሟን የጻፉት መምህር ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወሩ ቆይተዋል። የሚሰጠው ትምህርት 9 ዓይነት የነበረ ሲሆን በዓመቱ አንድ ተጨምሮ 10 ሆነ። እኔም ፕሮግራሟ 10 ትምህርት እንድትቀበል አስተካክል ተባልኩ። ዋናው የስሌት ክፍል በአማርኛ ቢጻፍ እንደሚከተለው ነው።

ከ1ኛው እስከ 9ኛው ትምህርት ድረስ፦
— ማርኩ ከ0 በታች ከሆነ ዝለለው፤
— ድምር = ድምር + ማርክ፤
— ብዛት = ብዛት + 1።
በመጨረሻም፦ አማካይ = ድምር ÷ ብዛት።

9ኙን 10 ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምኩም። ዓይኔ «ማርኩ ከ0 በታች ከሆነ ዝለለው» በምትለው መስመር ላይ አረፈ። ዜሮ ያገኘ ተማሪ አይቻለሁ፤ ከዜሮ በታች ያገኘ ግን ሰምቼም አላውቅ! «እኚህ ሰውዬ ምን ነክቷቸው ነው?» ብዬ መስመሯን ሰረዝኳት። ፕሮግራሙን «ያጸዳሁት» መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር።

መሞከሩንስ ሞክሬአለሁ። በሁሉም ትምህርት 70 ያገኘ አንድ ተማሪ ከራሴ ፈጥሬ አስገባሁ፤ አማካዩ 70 ወጣ። ከዚያም የአንድ ክፍል የ58 ተማሪዎች ካርድ ታትሞ ታደለ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ተማሪ ካርዷን ይዛ መጣች። በካርዱ ላይ አማካይ 48.5 ይላል። ከሥሩም «ክፍሉን ትደግማለች» የሚል አለ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ጋሼ፣ እኔ ደምሬ ሳካፍለው 54 ነው የሚመጣው» አለችኝ። እኔ ምን ብዬ እንደ መለስኩላት ለመጻፍ አፍራለሁ። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ነበር ያልኳት። እሷ ግን አልሄደችም። የደብተሯን የኋላ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ፤ 486 ለ9 ሲካፈል 54።

ለምን በ9 እንደምታካፍል ስጠይቃት እግሯ ተሰብሮ ስለነበር ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እንዳልተፈተነች ነገረችኝ። ሮጬ ፋይሉን ከፈትኩ። በዚያ ትምህርት ቦታ የተጻፈው –1 ነው። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጸልኝ። የቀድሞው መምህር –1ን የተጠቀሙበት «ይህ ተማሪ ይህን ትምህርት አልተፈተነም» ለማለት ነበር። የሰረዝኳት መስመር ሥራ ያንን ትምህርት ከድምሩም ከብዛቱም ማውጣት ነበር። መስመሯ ስትጠፋ –1 እንደ ማርክ ተደመረና 486 ወደ 485 ወረደ፤ ማካፈያው ደግሞ 10 ሆነ። 485 ለ10 ሲካፈል 48.5 ነው። በትምህርት ቤቱ ደንብ ማለፊያው 50 ስለነበር፣ ያለፈችው ልጅ ወደቀች።

በዚያው ክፍል እንዲህ ያለ ምልክት የነበራቸው ሌሎች ሁለት ተማሪዎችም ተገኙ። እነሱ ወደ ታች ስለ ወረዱ የሌሎቹም ደረጃ ተዛብቶ ነበር። 58ቱም ካርድ ተሰብስቦ እንደገና ታተመ። ማተሙ ቀላል ነው። የልጅቷ አባት ግን ካርዱን አይተው አንድ ሌሊት ልጃቸው ወድቃለች ብለው አምነው አድረዋል። ያንን ሌሊት እንደገና ማተም አይቻልም። ደግሞስ ልጅቷ ደፍራ ባትደምረው ኖሮ?

ለ. ጥገና ሲባል ምን ማለት ነው?

የወንበር እግር ይላላል፣ የብስክሌት ሰንሰለት ይዝጋል። ፕሮግራም ግን አይዝግም፤ ዛሬ የተጻፈው ፊደል ከዓሥር ዓመት በኋላም ያው ነው። ታዲያ ለምን ጥገና ያስፈልገዋል? መልሱ፣ ፕሮግራሙ ባይለወጥም በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚለወጥ ነው። የፕሮግራሞችን ዕድገት ያጠና ማኒ ሌማን የተባለ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳመለከተው፣ ሰዎች የሚገለገሉበት ፕሮግራም ያለማቋረጥ ካልተስተካከለ እያደር ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጥገና በአራት ይከፈላል። አንደኛ፣ የተገኘን ስሕተት ማረም ነው፤ ለምሳሌ እኩል ውጤት ያላቸው ሁለት ተማሪዎች የተለያየ ደረጃ ቢሰጣቸው ያንን ማስተካከል። ሁለተኛ፣ ከአዲስ ሁኔታ ጋር ማስማማት ነው፤ 9 ትምህርት 10 ሲሆን እንዳደረግነው። ሦስተኛ፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ማሻሻያ መጨመር ነው፤ «ካርዱ የቀረበትንም ቀን ያሳይ» ቢባል እንደማለት ነው። አራተኛ፣ ስሕተት ከመምጣቱ በፊት መከላከል ነው፤ ግልጽ ያልሆነን ነገር ግልጽ አድርጎ መጻፍ ከዚህ ይመደባል።

እንግዲህ የእኔን ጥፋት ልብ ብላችሁ እዩት። የታዘዝኩት ሁለተኛውን ዓይነት ሥራ ነበር። ሳልታዘዝ አራተኛውን የሠራሁ መስሎኝ ሁለቱን ቀላቀልኩ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ስሕተቱ በመጣ ጊዜ «ከ9 ወደ 10 በመለወጤ ነው ወይስ መስመሯን በመሰረዜ?» ብዬ ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ሐ. ትልልቆቹም ይሳሳታሉ

ይህ የተማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ናይት ካፒታል የሚባል የታወቀ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ አዲስ አሠራር ስለሚጀምር ድርጅቱ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበትን ፕሮግራም ማስተካከል ነበረበት። በፕሮግራሙ ውስጥ «ፓወር ፔግ» የተባለ፣ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ክፍል አለ። ሥራ ቢያቆምም ተነቅሎ አልወጣም ነበር። መሐንዲሶቹ ለአዲሱ አሠራር መቀስቀሻ እንዲሆን የመረጡት ምልክት ደግሞ፣ ቀድሞ ያንን አሮጌ ክፍል ይቀሰቅስ የነበረውን ነው።

አዲሱ ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። በሰባቱ ተጫነ፤ በስምንተኛው ሳይጫን ቀረ። ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥ የሚያዝ የጽሑፍ ደንብ ስላልነበረ ማንም አላየም። ገበያው ሲከፈት ምልክቱ በስምንተኛው ሰርቨር ላይ አዲሱን ሳይሆን የተኛውን አሮጌ ክፍል ቀሰቀሰ። አሮጌው ክፍል ደግሞ የታዘዘው መጠን ሲሞላ ቆጥሮ እንዲያቆም የሚያደርገው ክፍል በ2005 ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር፤ ከተዛወረም በኋላ አልተሞከረም። ስለዚህ መቼ ማቆም እንዳለበት ሳያውቅ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። 212 የደንበኞች ትእዛዝ ለመፈጸም በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት አደረገ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ገበያው ሳይከፈት በፊት ፕሮግራሙ ራሱ ስለ ፓወር ፔግ የሚያወሱ 97 የኢሜል መልእክቶች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ወስዶ የተመለከታቸው አልነበረም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሠራተኞቹ ነገሩ ሲበላሽ ስሕተቱ ከአዲሱ የመጣ መስሏቸው በሰባቱ ሰርቨሮች ላይ በትክክል የተጫነውን አዲሱን ፕሮግራም አነሡት። ያን ጊዜ በአንዱ ብቻ የነበረው ጥፋት በስምንቱም ሆነ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ድርጅቱን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ድርጅቱም ከኪሳራው በኋላ ብቻውን ሊቆም አልቻለም፤ ከሌላ ጋር ተዋሐደ።

ይህን ታሪክ ከሮስተሩ ጋር አስተያዩት። እነሱ የሞተ የመሰላቸውን ክፍል ረስተው ተዉት፤ እኔ የሞተች የመሰለችኝን መስመር ሰረዝኳት። ሥራው የተቃራኒ ቢመስልም ጥፋቱ አንድ ነው፤ ያለው ነገር አሁን ምን እንደሚሠራ በሚገባ ሳያውቁ መለወጥ።

መ. የጥንቃቄ ደረጃዎች

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የሚከተል ሰው ለጥቂት ሰዓታት ይዘገያል እንጂ አፍሶ አይለቅምም።

1. መመለሻ መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት። አንዲትም ፊደል ከመንካታችን በፊት ፕሮግራሙንና የውጤቱን ፋይል ገልብጠን እናስቀምጥ። ቅጂውን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» እያሉ መሰየም ኋላ ያደናግራል፤ ቀኑን ጽፎ መሰየም ይሻላል። ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ጊት የሚባል መሣሪያ አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ሲሆን እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው መዝግቦ ይይዛል። ጊት ከሌለ ግን ፍላሽና ደብተርም ይበቃል። ቅጂው መኖሩ ብቻ ሳይሆን ተከፍቶ መሥራቱም ይሞከር።

2. ከመለወጥ በፊት ማንበብና መጠየቅ። ጎጆ የገባ ሰው አንድ እንጨት መንገድ ቢዘጋበት ምን እንደ ተሸከመ ሳያይ አይነቅለውም። የፕሮግራም መስመርም እንዲሁ ነው። «ለምን እዚህ እንዳለች አላውቅም» ማለትና «ጥቅም የላትም» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጻፈው ሰው ከተዛወረ ስልክ ይደወልለት። ካልተገኘ የሚገለገሉበት ሰዎች ይጠየቁ። በእኔ ታሪክ የሪከርድ ክፍል ሠራተኛዋ የ–1ን ትርጉም ያውቁ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም እንጂ።

3. የዛሬውን ውጤት መመዝገብ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ያለፈውን ሴሚስተር ማርክ በአሮጌው ፕሮግራም አሠርተን ውጤቱን በወረቀት ወይም በፋይል እናስቀምጥ። ከለውጡ በኋላ ያንኑ ማርክ በአዲሱ እናሠራና ሁለቱን መስመር በመስመር እናስተያይ። ማይክል ፌዘርስ የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዓይነቱ ሙከራ በስፋት ጽፏል። ቁም ነገሩ፣ ሙከራው የሚጠይቀው «ፕሮግራሙ ምን መሥራት ነበረበት?» ብሎ ሳይሆን «አሁን ምን እየሠራ ነው?» ብሎ መሆኑ ነው። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ የልጅቷ 54 ወደ 48.5 መለወጡን ካርዱ ከመታተሙ በፊት አየው ነበር።

4. አንድ ጊዜ አንድ ለውጥ። በፕሮግራሟ ውስጥ 9 የሚለው ቁጥር በአራት ቦታ ይገኛል፤ ማርክ ሲነበብ፣ ሲደመር፣ ካርድ ሲታተም። አራተኛው ግን በካርዱ ላይ የሚተወውን ባዶ ቦታ የሚወስን እንጂ ከትምህርት ብዛት ጋር ግንኙነት የለውም። ሁሉንም 9 በጅምላ 10 ብናደርግ ካርዱ ይበላሻል። ስለዚህ በሁለት እርምጃ እንሂድ። በመጀመሪያው እርምጃ «የትምህርት ብዛት» የሚል ስም እንስጥና በሦስቱ ቦታ ስሙን እንተካ፤ ዋጋውን ግን 9 እንደ ሆነ እንተወው። አሠርተን ከተመዘገበው ጋር ስናስተያየው አንዲት ነጥብ እንኳ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ተሳስተናል። በሁለተኛው እርምጃ ዋጋውን 10 እናድርገው። አሁን የሚለወጠው የሚጠበቀው ብቻ ነው። አጻጻፉን የሚያስተካክል ለውጥና ውጤቱን የሚለውጥ ለውጥ አይደባለቁ።

5. አስቸጋሪውን ተማሪ መሞከር። በሁሉም 70 ያገኘ ተማሪ ምንም አያስተምርም። መሞከር የሚገባቸው ዳር ዳር ያሉት ናቸው፤ ዜሮ ያገኘ፣ ያልተፈተነ፣ በትክክል 50 ያገኘ፣ 49.5 ያገኘ፣ እኩል ሆነው ሁለተኛ የወጡ ሁለት ተማሪዎች፣ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ተማሪዎች። ከእነዚህም ጥቂቶቹን በእጅ አስልተን ከኮምፒዩተሩ ጋር እናመሳክር። በደብተር ጀርባ ላይ የተሠራ ስሌት ኮምፒዩተርን እንደሚያርም አይቻለሁ።

6. ሁለተኛ ዓይን። ለውጡን ለሌላ ሰው መስመር በመስመር ማስረዳት። አድማጩ ፕሮግራም አዋቂ ባይሆንም ግድ የለም። ብዙ ጊዜ ሰው ሲያስረዳ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ይህን እኛ መምህራን ልንሆን የተዘጋጀነው ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

7. በጥቂት መጀመርና ሁሉም ዘንድ መድረሱን ማረጋገጥ። በመጀመሪያ የአንድ ክፍል ውጤት ይሠራ፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር አይተው ካጸደቁት በኋላ ወደ ሌሎቹ ይዛመት። ትምህርት ቤቱ ሁለት ኮምፒዩተር ካለው አዲሱ በሁለቱም ላይ መጫኑ በስም ዝርዝር ይረጋገጥ። ስምንተኛውን ሰርቨር አንርሳ። ነገሩ ቢበላሽም ምክንያቱን ሳንረዳ በድንጋጤ ወዲያና ወዲህ አንበል፤ መጀመሪያ ሥራውን እናቁም፣ ቀጥለን እንመርምር።

8. ለሚመጣው ሰው ማስታወሻ መተው። ከመስመሯ አጠገብ «–1 ማለት ተማሪው ይህን ትምህርት አልተፈተነም ማለት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። ይህን የምለው ጥፋቱን ወደ ቀድሞው መምህር ለማሻገር አይደለም፤ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ማስታወሻውን አሁን ጽፌዋለሁ። ከዚህ በተረፈ ማስታወሻ «ምን» እንደሚሠራ ሳይሆን «ለምን» እንደሚሠራ ይናገር፤ ምን እንደሚሠራማ ከመስመሩ ይነበባል።

ሠ. ማጠቃለያ

አንዳንዶቻችን የሌላ ሰው ሥራ ስናይ መጀመሪያ የሚታየን ጉድለቱ ነው። ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ፕሮግራም ግን በውስጡ ብዙ ሰው ያየው ችግር ተቀምጧል፤ እግሯ የተሰበረ ልጅ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ የመጣ ልጅ፣ ታሞ ፈተና ያመለጠው ልጅ። እንግዳ መስላ የምትታየን መስመር ምናልባት ከእነዚህ የአንዱ መጠለያ ናት። መስመሯን መለወጥ አይከለከልም፤ አሮጌ ነገር ሁሉ ይቆይ ማለቴም አይደለም። ናይት ካፒታልን የጎዳው ሳይነቀል የቀረ አሮጌ ክፍል መሆኑን አይተናል። መጀመሪያ እንወቅ፣ ቀጥለን እንለውጥ ነው የምለው።

ያቺ ተማሪ በአሁኑ ጊዜ ወደሚቀጥለው ክፍል አልፋ ትማራለች። እኔም ማንም ተማሪ «ደምሬ ሳካፍለው ሌላ ነው የሚመጣው» ሲለኝ «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ማለት ትቻለሁ። «እስቲ ደብተርህን አሳየኝ» እላለሁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ተማሪ ከ10 ትምህርት 8ቱን ተፈትኖ ድምሩ 416 ሆነ። በሁለቱ ትምህርት ቦታ –1 ተጽፏል። መስመሯ ስትኖርና ስትሰረዝ አማካዩ ስንት ይሆናል? ተማሪው ያልፋል ወይስ ይወድቃል?

2. ያልተፈተነ ተማሪን ለማመልከት ከ–1 ይልቅ 0 ብንጠቀም ምን ችግር ይመጣል?

3. ናይት ካፒታል ከላይ ከተዘረዘሩት 8 ደረጃዎች የትኞቹን ሳይፈጽም ቀረ? ቢያንስ ሦስቱን ጥቀስ፤ ምክንያትህንም አስረዳ።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ በዝግጅት ክፍሉ ሳጥን አስገቡ። ትክክለኛው መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ሠልጣኝ ቢኖር እንዲያርመኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።